ቃልም እንደ ዶሮ በመገጣጠሚያው ይበለታል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይወርዳል)



በበዓል ዋዜማ እናቱ ወይም አያቱ ዶሮ ስትበልት ያላየ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ባለሙያዋ ሴት ቢላዋውን አጥንት መሃል አትሰነቅረውም። መጀመሪያ በጣቷ ትዳስሳለች፤ መገጣጠሚያውን ስታገኝ ቢላዋው ሳይታገል ያልፋል። 12ቱ ብልት የሚወጣው እንዲያ ነው። መገጣጠሚያውን የሳተ እጅ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ስንጥሩም ወጥ ውስጥ ገብቶ እንግዳው ጥርስ ሥር ይገኛል።

ዛሬ በዚሁ ዘዴ ቃል እንበልታለን። ቃላቱ የኖርዌይኛ ናቸው። ኖርዌይኛ ስምን ከስም እያጋጠመ፣ በመሃል ክፍት ቦታ ሳይተው እየጻፈ፣ አዲስ ስም መሥራት የሚወድ ቋንቋ ነው። እነዚህ ጥምር ስሞች እንዴት እንደሚሠሩ፣ በየቀለማቸው እንዴት እንደሚከፈሉ፣ ያለ ቦታቸው ሲቆረጡ ደግሞ ምን ጉድ እንደሚያወጡ እናያለን። ቀለም ስል የሰዋስውን ቀለም ማለቴ ነው፤ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የቃል ቁራጭ። እርሳስና ወረቀት ካላችሁ አቅርቡ፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ከአዲስ አበባ ወደ ኦስሎ የሄደች አንዲት እህታችንን በዓይነ ሕሊናችን እንሳላት። ቋንቋውን መማር ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አንድ ቀን የፖስታ ሣጥኗን ስትከፍት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ታገኛለች። ራስጌው ላይ ደመቅ ብሎ የተጻፈ አንድ ቃል አለ። በኖርዌዮቹ አጻጻፍ 18 ፊደል ነው፤ መሃሉ ላይ አንድም ክፍተት የለውም፦ «ኦፕሆልስቲላተልሰ»። ጣቷን መጀመሪያው ፊደል ላይ አድርጋ ማንበብ ትጀምራለች፤ መንገድ ላይ ትንፋሿ ያልቃል። እዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖሩ ጎረቤቷ ደብዳቤውን አየት ያደርጉና «የኔ ልጅ፣ ከፊት አትጀምሪው፤ ከጭራው ያዢው» ይሏታል።

ከጭራው ስትይዘው «ቲላተልሰ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ፈቃድ ማለት ነው። ከፊቱ «ኦፕሆል» ይቀራል፤ ይህም ቆይታ፣ ኑሮ ማለት ነው። በሁለቱ መሃል የቀረችው ነጠላዋ «ስ» የራሷ ትርጉም የላትም፤ ማጣበቂያ ናት። ቆይታና ፈቃድ ሲጋጠሙ እኛ የመኖሪያ ፈቃድ የምንለው ሆነ። ያ አስፈሪ ቃል ተበልቶ ሰሃን ላይ ቀረበ።

የጎረቤቷ ምክር የኖርዌይኛ ጥምር ስም ዋና ሕግ ነው። የቃሉ ባለቤት መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ነው። ከፊቱ የሚመጣው ሁሉ እሱን ይገልጻል፣ ይመርጣል፣ ዓይነቱን ይናገራል፤ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን ጭራው ነው።

ሁለት አጫጭር ቃላት እንውሰድ። «ሁስ» ቤት ነው፤ «ቦት» ጀልባ ነው። ጀልባን አስቀድማችሁ ቤትን ብታስከትሉ «ቦትሁስ» ይሆናል፤ ጀልባ የሚቀመጥበት ቤት። ብትገለብጡት «ሁስቦት» ይሆናል፤ ሰው የሚኖርበት ጀልባ። አንዱ ባሕር ዳር ቆሟል፤ ሌላው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ጾታቸውም አብሮ ተለወጠ። በኖርዌይኛ ጀልባ ወንድ ነው፤ «ኤን ቦት» ይባላል። ቤት ደግሞ ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለው፤ «ኤት ሁስ» ይባላል። ስለዚህ «ኤን ሁስቦት»፣ ግን «ኤት ቦትሁስ»። ጾታን የሚያወርሰው ጭራው ነው፤ ብዛትና እርባታም የሚታየው እዚያው ጭራው ላይ ነው።

ለጣፋጭ ወዳጆች ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ወተት «ሜልክ» ነው፤ ቸኮላት «ሾኮላደ» ነው። «ሜልከሾኮላደ» ወተት የገባበት ቸኮላት ነው፤ ፍራያ የተባለው የኦስሎ ፋብሪካ ከ1906 ጀምሮ የሚሠራው ዝነኛ ቸኮላት በዚህ ስም ይጠራል። «ሾኮላደሜልክ» ብትሉ ግን የሚቀርብላችሁ በብርጭቆ ነው፤ ቸኮላት የገባበት ወተት። በነገራችን ላይ በዛሬው ዝግጅት የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነው? በጭራሽ። እኛም ትምህርት ቤት እንላለን። ቤቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ትምህርት ከፊት ሆኖ የምን ቤት እንደሆነ ይናገራል። ምግብ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ መድኃኒት ቤት ሁሉም እንዲያ ናቸው። ኖርዌዮቹም በቤት ብዙ ስም ሠርተዋል። «ሲከሁስ» የሕመምተኞች ቤት ማለት ነው፤ ሆስፒታል። «ሮድሁስ» ደግሞ ከ«ሮድ» እና ከ«ሁስ» የተሠራ ነው። ሮድ ምክር ነው፤ ስለዚህ ቃል በቃል ምክር ቤት። እነሱ በዚህ ስም የሚጠሩት የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የሚሰጠው በኦስሎው ሮድሁስ ነው፤ በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሽልማቱን የተቀበሉትም እዚያው ነው። በዚያን ዕለት በቴሌቪዥን ያያችሁት ሰፊ አዳራሽ በስሙ ምክር ቤት ነበር ማለት ነው።

አንድ ተመሳሳይነት ልጨምር። እኛ አንድን የታወቀ ትምህርት ቤት ስንጠቅስ «ትምህርት ቤቱ» እንላለን፤ ያቺ «ኡ» የምትለጠፈው መጨረሻው ላይ ነው። ኖርዌዮቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። አንድ ሆስፒታል «ኤት ሲከሁስ» ነው፤ ሆስፒታሉ ለማለት ጭራው ላይ ጨምረው «ሲከሁሰ» ይላሉ። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የለመደ ሰው ከፊት የሚቀመጥ ቃል ሲፈልግ ይቸገራል፤ አማርኛውን ያስታወሰ ግን ወዲያው ይገባዋል።

በመገጣጠም የሚገኘው ዝምድና ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ ቃሉ ራሱ አይናገረውም። ሣር ቤት ከሣር የተሠራ ነው፤ ወጥ ቤት ግን ከወጥ አልተሠራም። ሰሚው ከኑሮው ያውቀዋል። በኖርዌይኛም «ትሬሁስ» ከእንጨት የተሠራ ቤት ነው፤ «ሁንደሁስ» ደግሞ ውሻ የሚያድርበት ቤት ነው፤ ከውሻ የተሠራ ቤት የለም። አንዳንዴም ትርጉሙ ከክፍሎቹ ድምር ርቆ ይሄዳል። «ባርነሃገ» ቃል በቃል የልጆች የአትክልት ቦታ ነው፤ እነሱ የሚሉት ግን መዋዕለ ሕፃናትን ነው። «ዩርሙር» የምድር እናት የሚል ቃል ነው፤ አዋላጅን ነው የሚጠሩበት። «ሶመርፉል» ቢተረጎም የበጋ ወፍ ነው፤ ቢራቢሮ ናት። ይህም ቢሆን አያስደንቀን። እኛ ሆደ ሰፊ የምንለው ሰው ሆዱ ተለክቶ አይደለም።

ሆደ ሰፊ ካልኩ አይቀር፣ «ሆድ» የነበረው ለምን «ሆደ» ሆነ? ቤት ከመንግሥት ጋር ሲጋጠም ለምን ቤተ መንግሥት ሆነ? ከግዕዝ የወረስነው አገጣጠም ነው። እዚያ ባለቤቱ ከፊት ይቀመጥና በመጨረሻው ፊደሉ ላይ የምትጨመረው የ«ኧ» ድምፅ ቀጣዩን ቃል ታያይዛለች። ስለዚህ አማርኛ ሁለት በር አለው። በአንደኛው በር ትምህርት ቤት ይገባል፤ ቤቱ ከኋላ ነው፣ ማያያዣም የለውም። በሁለተኛው ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ቤቱ ከፊት ነው፣ ማያያዣም አለው። ኖርዌይኛ ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ ከኋላ ይገባል። ማያያዣውን ግን አንዳንዴ ይጠቀማል፣ አንዳንዴ ይተዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ማያያዣው እንለፍ። የኖርዌይ የሰዋስው ሰዎች ይህን ቦታ «ፉገ» ይሉታል። ቃሉ የግንበኛም ነው፤ በጡብና በጡብ መካከል ያለው መጋጠሚያ ፉገ ይባላል። ሦስት ዓይነት ፉገ አለ።

የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ቃል ከቃል በቀጥታ ይጋጠማል። ቦትሁስን አይተናል። «ፉት» እግር፣ «ባል» ኳስ፤ «ፉትባል» እግር ኳስ። እኛም እግርና ኳስን እንዲሁ ነው ያጋጠምነው፤ ልዩነቱ እኛ በመሃል ክፍት ቦታ መተዋችን ነው።

ሁለተኛው የ«ኧ» ድምፅ ነው። «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ቦታ፤ ሲጋጠሙ «ባርነሃገ»። «ሜልክ» ከቸኮላት ጋር ሲጋጠም «ሜልከ» የሆነውም በዚህ ነው። የእኛን ቤተንና ሆደን ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ድምፅ ዘመድ ይመስላል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር የሚገናኙ ሆነው ሳይሆን በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው።

ሦስተኛው የ«ስ» ድምፅ ነው። «አርበይድ» ሥራ፣ «ፕላስ» ቦታ፤ ሲጋጠሙ «አርበይድስፕላስ»፣ የሥራ ቦታ። ይህች «ስ» በጥንት ጊዜ የባለቤትነት ምልክት ነበረች፤ እንደ እኛ «የ» ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ጥምር ቃል ውስጥ ትርጉሟ ደብዝዞ ሙጫ ሆናለች።

የትኛው ቃል የትኛውን ማያያዣ እንደሚወስድ አንድ ወጥ ሕግ የለም፤ አብዛኛው በልምድ ይያዛል። ሆኖም ደጋግሞ የሚሠራ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ከፊት ያለው ክፍል ራሱ ጥምር ከሆነ «ስ» ብዙ ጊዜ ትመጣለች። አንድ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ገብተን እንየው። «ቡር» ጠረጴዛ ነው፤ «ላምፐ» መብራት ነው። የጠረጴዛ መብራት «ቡርላምፐ» ይባላል፤ ማያያዣ የለውም። አሁን ጠረጴዛውን የጽሕፈት ጠረጴዛ እናድርገው። መጻፍ «ስክሪቨ» ስለሆነ «ስክሪቨቡር» ይሆናል። ለዚህ ጠረጴዛ መብራት ስንሠራለት «ስክሪቨቡርስላምፐ» እንላለን። «ስ» ከየት መጣች? ሁለት መጋጠሚያ ባለው ቃል ላይ ዋናውን ልታሳየን ነው የመጣችው። እስከ እኔ ድረስ ያለው አንድ ላይ ነው፤ ከእኔ በኋላ ያለው ባለቤቱ ነው ትለናለች። «ስ» ባትኖር አንባቢው ለጊዜው የጠረጴዛ መብራት አገኘሁ ብሎ፣ «የሚጽፍ የጠረጴዛ መብራት» የሚል እንግዳ ነገር ሊያስብ ይችላል።

በዚህ መንገድ ቃሉ ማደጉን ይቀጥላል። ባርነሃገ መዋዕለ ሕፃናት ነበረ፤ ልጃቸውን ለማስገባት ቦታ የሚጠብቁ ወላጆች ለ«ባርነሃገፕላስ» ያመለክታሉ፤ እዚህ ግን «ስ» አልመጣችም። መዝገበ ቃላት ሁሉንም ሊይዝ አይችልም፤ ተናጋሪው እንደ ፍላጎቱ ቆሞ ሲያወራ ይሠራቸዋል።

የቋንቋው ስምም ከዚህ አላመለጠም። ኖርዌይ በሕግ እኩል የሆኑ ሁለት የጽሕፈት ቋንቋዎች አሏት፤ ፓርላማዋ እኩል ያደረጋቸው በ1885 ነው። የዛሬ ስሞቻቸውን ያገኙት ደግሞ በ1929 ነው። አንዱ «ቡክሞል» ነው፤ ቡክ መጽሐፍ፣ ሞል ቋንቋ፣ የመጽሐፍ ቋንቋ። ሌላው «ኒኖሽክ» ነው፤ ኒ አዲስ፣ ኖሽክ ኖርዌይኛ፣ አዲስ ኖርዌይኛ። ቡክሞል አገሪቱ እስከ 1814 ድረስ ከ400 ዓመታት በላይ ከዴንማርክ ጋር በነበረች ጊዜ ይጻፍ ከነበረው ዴንማርክኛ የወጣ ነው። ኒኖሽክ ግን ኢቫር ኦሰን የተባለ የገበሬ ልጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየሸለቆው እየዞረ ከሰበሰባቸው የገጠር አነጋገሮች የተገነባ ነው። ሆስፒታል በቡክሞል ሲከሁስ ነው፤ በኒኖሽክ «ሹከሁስ» ይባላል። አሠራሩ አንድ ስለሆነ እኛ የቡክሞሉን ይዘን እንቀጥላለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቢላዋው እንመለስ። አንድ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ አልበቃ ሲል የት ይቆረጥ?

ለእኛ ፊደል ይህ ጥያቄ አሳሳቢ ሆኖ አያውቅም። የብራና ጸሐፊ ዓምዱ ሲሞላበት ቃሉን ካለበት ፊደል ላይ ያቆምና ቀሪውን ከታች ይቀጥላል፤ የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ ስለሚያሳይ ጭረት አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝም በሁለት ፊደል መካከል መቁረጥ ጆሮን ብዙ አይጎዳም። በላቲን ፊደል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ ምርጫው በዝቶ ስሕተቱም በዝቷል።

የኖርዌይኛ አከፋፈል ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ መገጣጠሚያውን ፈልግና እዚያ ቁረጥ። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ገብተህ በቀለም ክፈል። በቀለም ሲከፈል አናባቢዎቹ ይቆጠራሉ፤ ኖርዌይኛ ዘጠኝ የአናባቢ ፊደላት አሉት። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ወደ ኋለኛው ይሄዳል፤ «ሃ-ገ» እንደሚለው። ሁለት ተነባቢ ካለ አንዱ ከፊተኛው ይቀራል፣ አንዱ ወደ ኋለኛው ይሻገራል፤ ክረምት «ቪን-ተር» እንደሚባለው። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል አንድ ላይ ሆነው አንድ ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ ግን አይለያዩም።

ባርነሃገን እንሞክር። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ እያጨበጨቡ ይቁጠሩ፦ ባር፣ ነ፣ ሃ፣ ገ። አራት ጭብጨባ፣ አራት ቀለም። መስመር ላይ ሲቆረጥ ምርጡ ቦታ «ባርነ» ካለ በኋላ ነው፤ ከዚያ «ሃገ»። ማያያዣዋ «ኧ» ከፊተኛው ጋር ትቀራለች። «ስ»ም እንደዚያው ናት፤ «አርበይድስ» ከላይ፣ «ፕላስ» ከታች።

አፍና ብዕር የሚጣሉበት ቃልም አለ። የኖርዌዮች ብሔራዊ ምግብ «ፎሪኮል» ይባላል። በ1972 በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት አድማጮች መርጠውታል፤ በ2014 እንደገና ውድድር ተደርጎ አሁንም እሱው አሸነፈ። «ፎር» በግ፣ «ኢ» ውስጥ፣ «ኮል» ጥቅል ጎመን። በግ በጎመን ውስጥ እንደማለት ነው፤ የተሠራበትን ዘዴ ስሙ ይናገራል። ስንናገረው ፎ፣ ሪ፣ ኮል ይላል አፋችን። በትርጉሙ የምንከፍል ከሆነ ግን ፎር፣ ኢ፣ ኮል ነው። እኔ በአማርኛ ስጽፈው ደግሞ «ሪ» የምትለው አንዲት ፊደል የበጉን መጨረሻና የ«ውስጥ»ን ሙሉ አካል ውጣ ተቀመጠች። መገጣጠሚያው ፊደሏ ሆድ ውስጥ ገባ። ይህ በእኛም ቋንቋ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። «ቤቱ» በሚለው ቃል ቤት የት አልቆ «ኡ» የት ጀመረ? «ቱ» ውስጥ።

የቢላዋን ነገር ከሁሉ አብልጠው የሚያሳዩኝ ሁለት የመርከብ ቃላት ናቸው። «ሺፕ» መርከብ ነው። ሲጻፍ ኤስ እና ኬ ይቀድማሉ፤ በኖርዌይኛ እነዚህ ሁለት ፊደላት ከ«ኢ» በፊት አብረው ሲመጡ እንደ «ሽ» ይነበባሉ። «ዳምፕ» እንፋሎት ስለሆነ የእንፋሎት መርከብ «ዳምፕሺፕ» ይባላል። የመርከብ አዛዥ ደግሞ «ሺፕስካፕታይን» ነው። ልብ በሉ፤ ሲጻፉ ሁለቱም ቃላት መሃላቸው ላይ ፒ፣ ኤስ፣ ኬ የሚሉ ፊደላት በተከታታይ አሏቸው። በመጀመሪያው ኤስ የኋለኛው ናት፤ የመርከቡ የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነች ከኬ ጋር ሆና «ሽ» ትላለች። በሁለተኛው ኤስ ማያያዣ ናት፤ ከፊተኛው ጋር ትቀርና ኬ ለብቻዋ «ካ» ብላ ትጀምራለች። የመጀመሪያውን «ዳምፕስ» ብሎ የቆረጠ ሰው መርከቡን አናቱን መትቶ ሰብሮታል፤ ታች መስመር ላይ የቀረው ቁራጭ ትርጉምም የለው፣ ድምፁም ልክ አይደለም። የትኛው «ስ» የማን እንደሆነች የሚያውቅ ግን ፊደሎቹ ስለተመሳሰሉ ብቻ አይሳሳትም።

አንድ የአጻጻፍ ብልሃት ልጨምር። ኖርዌይኛ ተነባቢ ሲጠብቅ በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። እኛ ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» ማለታችንን በአነባበብ ነው የምንለየው፤ እነሱ ይጽፉታል። ፉትባል መጨረሻው ላይ ሁለት ኤል አለው። ቡድን «ላግ» ነው፤ እሱም በኤል ይጀምራል። ሲጋጠሙ ሦስት ኤል ሊሰለፍ ነው። ኖርዌይኛ ግን አንድ ዓይነት ተነባቢ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ እንዲጻፍ አይፈቅድም፤ አንዷ ትወጣለች፣ «ፉትባላግ» በሁለት ኤል ይጻፋል። ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲቆረጥ የወጣችው ትመለሳለች፤ ከላይ ፉትባል ከሁለቱ ኤሎቹ ጋር፣ ከታች ላግ ከአንዷ ጋር። እያንዳንዱ ብልት ሲለያይ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ስለ መቁረጥ አወራን። ኖርዌዮችን ከሁሉ የሚያናድዳቸው ግን ጥምር ቃልን በክፍት ቦታ ለያይቶ መጻፍ ነው። ለእኛ ትምህርት ቤትን ለያይቶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ብንገጥመውም ሰው አይደናገርም። እዚያ ግን ክፍተቷ ሌላ ዓረፍተ ነገር ትሠራለች።

«ሮይክፍሪት» ጭስ የሌለበት፣ ማጨስ የተከለከለበት ማለት ነው። መሃሉን ከፍተው «ሮይክ ፍሪት» ብለው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት «እንደልብህ አጭስ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። «ላመሎር» የበግ ጠቦት ታፋ ነው፤ በልዩ በዓል የሚበላ። «ላመ ሎር» ብሎ የጻፈ ሥጋ ሻጭ ግን ሽባ የሆኑ ታፋዎችን ለገበያ አቀረበ። የተጠበሰ የዶሮ ጉበት የሚሸጥ ምግብ ቤት ዶሮንና ጉበትን ለያይቶ ቢጽፍ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሚነበበው «የተጠበሰው ዶሮ በሕይወት አለ» የሚል ነው፤ ምክንያቱም ጉበት የሚለው ቃልና «ይኖራል» የሚለው ግስ በጽሑፍ አንድ ናቸው።

በንግግር ይህ አደጋ የለም። ጥምር ቃል ሲነገር ዋናው ጫና አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በፊተኛው ክፍል ላይ ያርፋል። ኋለኛው ለስለስ ብሎ ይከተለዋል። ሁለት ቃል ሆነው ሲነገሩ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጫና ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ኖርዌያዊ እንዴት እንደሚጻፍ ሲጠራጠር ጮክ ብሎ ይናገረዋል፤ አንድ ጫና ከሰማ ገጥሞ ይጽፋል። ሬዲዮ አድማጭ ሆኖ ቋንቋ የሚማር ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ ክፍተቷን ሳያይ ጫናውን ይሰማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጥያቄዎቹን ላቅርብ። እያንዳንዱን ከጠየቅኩ በኋላ ጥቂት እጠብቃችኋለሁ።

አንደኛ። «ታን» ጥርስ ነው፤ «ሌገ» ሐኪም ነው። «ታንሌገ» ምንድን ነው? በቀለምስ ስንት ነው?

(አምስት ሰከንድ ጸጥታ)

የጥርስ ሐኪም ያላችሁ ልክ ናችሁ። ታን፣ ሌ፣ ገ። ሦስት ቀለም።

ሁለተኛ። «ሲከሁስሌገ» የሆስፒታል ሐኪም ነው። መሃል ላይ ያለችው «ስ» ማያያዣ ናት ወይስ ሌላ?

(አምስት ሰከንድ ጸጥታ)

ማያያዣ ያለ ሰው ተሸውዷል። ያቺ «ስ» የ«ሁስ» የራሱ መጨረሻ ናት፤ ብታነሷት ቤቱ ይፈርሳል። ለዚህ ነው በጣት መዳሰስ ከቢላዋ የሚቀድመው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው። ቡና «ካፈ» ነው፤ ስኒ «ኮፕ» ነው። «ካፈኮፕ» እና «ኤን ኮፕ ካፈ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፍንጭ ልስጣችሁ፤ የመጀመሪያው አንድ ቃል ነው፣ ሁለተኛው ሦስት።

(አምስት ሰከንድ ጸጥታ)

ካፈኮፕን ከጭራው ያዙት፤ ኮፕ። ስለዚህ ዕቃ ነው፤ የቡና ስኒ፣ ባዶም ቢሆን ያው ነው። «ኤን ኮፕ ካፈ» ግን ስላልተጋጠመ ስኒው መለኪያ ብቻ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና ማለት ነው። አማርኛም በራሱ መንገድ ለይቷቸዋል፤ እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ «አንድ ስኒ ቡና» ሲላችሁ የቡና ስኒ ብታቀብሉት ዓይን ዓይናችሁን ነው የሚያያችሁ።

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ አበቃ። እኔ አሁን ከስቱዲዮ ወጥቼ ኤን ኮፕ ካፈ ልጠጣ ነው፤ ካፈኮፑን አጥቤ እመልሳለሁ። ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)